አቃቂ ከባቡር ስትርቅ

አቃቂ ባቡር ያየችው ከአዲስ አበባ ቀድማ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ለገሃር የገባው እሷን አልፎ ነው። የመስመሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት አፄ ምኒልክ ይህን ለማየት አልታደሉም፤ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስደት የወጡትም በዚሁ ሐዲድ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

እኔን ግን ከነገሥታቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የወዛደሩ ጉዳይ ነው። ሐዲዱና የደብረ ዘይት መንገድ ጎን ለጎን ስላለፉባት አቃቂ የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ጣቢያውም ከነዋሪው ደጃፍ ነበር፤ ሰው በእግሩ ሄዶ ይሳፈር ነበር።

ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ሐዲዱ አረጀ፣ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ምልልስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀረ፣ ጣቢያውም አብሮ ሥራ ፈታ።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የመንገደኛ መነሻው ፉሪ ለቡ ሆነ። እሱስ የሩቅ አገር ባቡር ነው፣ ይሁን። የማይዋጥልኝ የከተማው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሳሪስን አልፎ ይመጣና ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አቃቂ እኮ ቀጥላ ያለችው ናት! ሠራተኛዋ በማለዳ ታክሲ ይሰለፋል፤ ማታም ደክሞት ያንኑ ሰልፍ ይደግመዋል።

ስለ አሮጌ ጣቢያ ሲነሣ ሁላችንም ስለ ሕንፃው እንቆረቆራለን። ሕንፃው ይጠበቅ፣ አልቃወምም። ለእኔ ግን ትልቁ ቅርስ መሬቱ ነው። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ የዛሬው ባቡር አይሄድበትም፤ የዛሬው 1.435 ሜትር ይፈልጋል። የሐዲዱ መስመር ግን ከአቃቂ ተነሥቶ እስከ መሀል ከተማ የሚዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ዛሬ እንክፈት ብንል ስንት ቤት ይፈርሳል? ለስንት ቤተሰብ ካሳና ምትክ ቦታ ይገኛል?

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ከዚህ መሬት የተረፈውን በፕላኑ ላይ ለባቡር ብሎ ይከልል። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስም ለማንም እንዳይመራው።