መስታወት የማያሳምነው ሕመም

በሐይቅና በአምባሰል፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ምነው ከሳሽ?» ወይም «ወፍረሻል፣ ተስማምቶሻል» ማለት የተለመደ ነው። ንግግሩ ከመልካም ልብ ይመነጫል። አኖሬክሲያ ነርቮሳ በተባለው የአመጋገብ ሕመም የተያዘች ወጣት ግን አንዲቱን «ወፍረሻል» ለዓመታት ልትይዛት ትችላለች።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብን ያየ የወሎ ወላጅ፣ ማዕድ ቀርቦ «አልበላም» መባሉን እንደ ቅብጠት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ ቅብጠት ሳይሆን ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል የአእምሮ ሕመም ነው። ወንዶችንም ይይዛል።

«ማየት ማመን ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ታማሚዋ በአእምሮዋ የያዘችው የራሷ ምስል ከእውነተኛ አካሏ የሰፋ ነው። በጥናቶች ታማሚዎች ውስብስብ ሥዕል እንዲገለብጡና ቆይተው ከትዝታቸው እንዲሥሉት ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ዝርዝሩ ላይ አተኩረው ጥቅል ቅርጹን ማስታወስ ይከብዳቸዋል። በመስታወት ፊትም ሆዷ ወይም ጭኗ ብቻ ጎልቶ ሊታያት ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ራስሽን ተመልከቺ!» የሚለው ክርክር ትርፉ ድካም ነው።

ረሃብ ራሱም አስተሳሰብን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ምግባቸው ለ24 ሳምንታት ሲቀነስ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ትኩረታቸው ተበተነ። ስለዚህ የሕክምናው መጀመሪያ ሰውነትን መመገብ ነው፤ የምስሉ መስተካከል ጊዜ ይፈልጋል።

ጾም በሚከበርበት አካባቢ ሕመሙ በቀላሉ ይሸፈናል። ልዩነቱን እንዲህ እንለየው፦ ጾመኛ የፍቺውን ቀን ይናፍቃል፤ ታማሚዋ ትፈራዋለች። ጾሙ ካበቃ በኋላም ከማዕድ መሸሽ፣ ከምግብ በኋላ ማስመለስ፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ማዞርና ብርድ ብርድ ማለት ከታዩ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደሴ ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል መላክ ይቻላል። በጣም የከሳን ሰው በቤት ውስጥ በአንዴ አብዝቶ መመገብ ለልብ አደገኛ ስለሆነ፣ አመጋገቡ በባለሙያ ክትትል ይሁን።

ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ቀላል ነው። ስንገናኝ «እንዴት ሰነበትሽ?» እንበል፤ ስለ ሰውነቷ የምንለው ይቅር።