ተራራ ይጨፈራል ወይ?

ባለፈው ዓርብ ማታ በአዳራሻችን ስምንት ሆነን አንድ የስኮትላንድ የገጠር ዳንስ ሞከርን። ስሙ «ሺሃልየን» ይባላል። ዙሪያውን የቆሙት ጓደኞቻችን ሳቁብን። መሳቃቸው አልከፋንም፤ እንደዚያ እርስ በርስ እየተጋጨን ባይሳቅብን ነበር የሚገርመው። የከነከነን ከሳቁ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። «እንዴ! ይሄ ደግሞ ለመምህርነት ምን ያደርጋል?» ተባልን። መልሳችንን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንሰጣለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ሺሃልየን በስኮትላንድ መካከለኛ ደጋ የሚገኝ፣ 1,083 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከእርሱ በስተምዕራብ ራኖክ የተባለው ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ተዘርግቷል። ዛፍ እምብዛም የለበትም። አፈሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት በደንብ ሳይበሰብስ የተደራረበ የዕፀዋት ቅሪት ነው፤ ጥቁር፣ ውሃ ያዘለ። በላዩ የሚበቅለው ቁጥቋጦ በእኛ ደጋ የምናውቀው የአስታ ዘመድ ሲሆን፣ በነሐሴ ገደማ ሲያብብ አገሩን ሐምራዊ ያለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 የተከፈተው የባቡር ሐዲድ በዚያ ሲያልፍ ጠንካራ መሬት ስለታጣ፣ ከሥሩ ጭራሮ፣ የዛፍ ሥር፣ አፈርና አመድ ተነጥፎለት ነው የተሠራው። እንዲህ ባለ ስፍራ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሞከርም። ኩሬውን እየዞሩ፣ ማጡን እየሸሹ ነው።

ዳንሱም ቀጥ ብሎ መሄድ አያውቅም። ስምንቱ ሰዎች እየተጠማዘዙ፣ አንዱ ሌላው የለቀቀውን ቦታ እየያዘ፣ ዞረው ዞረው በመጨረሻ ከተነሡበት ይመለሳሉ። አንዱ ከዘገየ የስምንቱም ነገር አበቃ! እኛ ስንጨፍረው ያ የራኖክ ጠመዝማዛ መንገድ ነው ትዝ ያለን። ተራራ ይጨፈራል ወይ ለሚለን፣ አዎን ይጨፈራል እንላለን።

ይኸው ተራራ ለትምህርትም ውለታ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1774 ኔቪል ማስክሊን የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በተራራው ሰሜንና ደቡብ ቱንቢ አንጠልጥሎ፣ ተራራው ቱንቢውን ምን ያህል ወደ ራሱ እንደሚስብ ለካ። ከዚያ ልኬት ተነሥቶ የሒሳቡ ሰው ቻርልስ ሃተን የመሬትን እፍጋት አሰላ። እንግዲህ ከአንድ ተራራ ጂኦግራፊው፣ ፊዚክሱ፣ ሒሳቡና ጭፈራው ተቀዳ። ይህን ያየ መምህር የማስተማሪያ መሣሪያ አጣሁ ሊል አይችልም።

ዋናው ነገራችን ግን ይኼ ነው። ከስምንታችን አንድም ሰው ስኮትላንድን አላየም። ታዲያ ዳንሱ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ? በጽሑፍ ነዋ! አካሄዱ በአንዲት ገጽ ተጽፎ አገኘነው፤ አንዱ አነበበ፣ ሌሎቻችን ረገጥን።

ይህን ልማድ ካጠናከሩት ሰዎች ዋናዋ እንደ እኛዎቹ አሠልጣኞች ያለች መምህርት ነበረች። ጂን ሚሊጋን በግላስጎው ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ ታስተምር ነበር። በዘመኗ የከተማው ወጣት ፊቱን ወደ አዲሶቹ የአዳራሽ ዳንሶች አዙሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ከኢዞቤል ስቱዋርት ጋር ሆና ማኅበር አቋቋመች። በማግሥቱ ዓመት 12 ዳንሶች የያዘ የመጀመሪያው መጽሐፍ ታተመ። አሮጌ ጽሑፎች ተገለጡ፤ የሚያስታውሱ ሽማግሎችና አሮጊቶች ተጠየቁ። ሚሊጋን እ.ኤ.አ. በ1978 በ92 ዓመቷ ስታርፍ ዳንሱ በብዙ አገሮች ይጨፈር ነበር።

ነቀፋ አልቀረላትም። «በየአካባቢው የነበረውን ለዛ አጥፍታችሁ ሁሉንም አንድ ወጥ አደረጋችሁት» ያሉ ነበሩ። እኛ ነቀፋው እውነት አለበት ባዮች ነን። በወረቀት የሰፈረ ጭፈራ «ትክክለኛው ይህ ብቻ ነው» ከተባለ፣ በቀጣዩ መንደር ያለው ስሕተት ሊባል ነው። ቢሆንም መድኃኒቱ መጻፍን መተው አይደለም። መድኃኒቱ አብዝቶ መጻፍ ነው፤ የዚህኛው መንደር እንዲህ፣ የዚያኛው መንደር እንዲያ ብሎ፣ ከነስሙ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ ጭፈራዎች ብዙዎቹ እስካሁን ያሉት በአያቶቻችን ጉልበት ውስጥ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ይደክማል። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ሠርጉንም፣ የመኸሩንም ጭፈራ ከዳር ቆመን እያጨበጨብን ልናልፈው ነው? ወይስ ደብተር ልናወጣ?

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለማስተማር ልምምድ የሚወጣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ጭፈራ በአንድ ገጽ ጽፎ ይመለስ። አስፈቅዶ ይጠይቅ። የት እንደሚጨፈር፣ መቼ፣ በስንት ሰው፣ እግሩ እንዴት ትከሻው እንዴት እንደሆነ ይጻፍ። የሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኞቻችን ደግሞ ያርሙልን፤ ከዚህ ግድግዳ ጥግ አንድ ቦታ ይሰጠን።

የጽሑፉም መፈተኛ ቀላል ነው። መንደሩን ያላዩ ስምንት ሰዎች አንብበው መርገጥ ከቻሉ፣ ጽሑፉ አለፈ። ካልቻሉ፣ እንደገና ይጻፍ። ዓርብ ማታ የሳቃችሁብን ጓደኞቻችን፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከእናንተ እንጠብቃለን።