«እኔ በልቻለሁ»

እናቶቻችን ቤት ቡና ስንጠጣ ዳቦና ቆሎ ይቀርብልናል። እሳቸው ግን «እኔ በልቻለሁ» ይላሉ። ጾም ይሆናል ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ ግን ማቀዝቀዣው ባዶ ስለሆነ ነው።

እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸው ያመጧቸው አረጋውያን ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ስናፕ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ልጅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እናት መኪና አይነዱም፣ ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ። ለልጅ ደግሞ «ራበኝ» አይባልም፤ ይሉኝታ አለ።

በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው የአረጋውያን ሕግ የሚደጎም ምሳ አለ። 60 ዓመት መሙላት እንጂ ድሃ መሆን አይጠየቅበትም። ግን በእንግሊዝኛ ደውሎ መመዝገብ ለእሳቸው ከባድ ነው። የሚመጣውም ምግብ ዓርብ ቀን ዶሮ ሊሆን ይችላል።

እኛ እንግሊዝኛውንም ጾሙንም እናውቃለን። ማኅበራችን ለባህል ምሽት ስንት ቅዳሜ ይደክማል! አንዱን ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሄደን ቅጽ እንሙላላቸው። ምግብ አቅራቢዎቹንም ምስርና ሽሮ እንጠይቅ።

ለእረፍት ቤት ስትገቡም «በልተዋል?» ብላችሁ አትለፉ። እንጀራ ይዛችሁ ግቡና አብራችሁ ብሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ የተዉትን ምግብ ሲያጎርሷቸው እምቢ አይሉም።