ደሙን ያዝን፣ ውሉን ጣልን

ስለ ሶማሌ ክልል አስተዳደር በአዲስ አበባ በተወያየንበት ቦታ ሁሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትከተለኛለች። «ያው የጎሳ ነገር ነው» ትላለች። ምሁሩም ይላታል፣ ሹሙም ይላታል፣ ቡና አብሮኝ የሚጠጣው ወዳጄም ይላታል። እሷ ከተባለች በኋላ የሚጠይቅ የለም። እኔ በጅግጅጋ ዓመታት ሠርቼ የተመለስሁ ሰው ነኝና፣ ዛሬ ይህችን ዐረፍተ ነገር ልሟገታት ተነሥቻለሁ።

የምሁራኑ መመኪያ የታወቀ ነው። ብሪታንያዊው አጥኚ አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በብሪታንያ ሶማሌላንድ ተቀምጦ ያጠናውን በ1961 «የአርብቶ አደር ዴሞክራሲ» በሚል ርእስ አሳተመ። መጽሐፉ የሶማሌን ፖለቲካ በሁለት እግር ነው ያቆመው። አንደኛው የአባት ዘር ነው፤ ሁለተኛው «ሔር» የሚባለው ውል ነው። የደም ካሳ አብረው የሚከፍሉና አብረው የሚቀበሉ ሰዎች ዘመድ ስለሆኑ ብቻ አይተሳሰሩም፤ በጉባኤ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ግዴታቸውን በውል ቆርጠው ነው። እኛ ግን ከመጽሐፉ ደሙን ይዘን ውሉን ጣልነው። ሶማሌያዊው ምሁር አብዲ ኢስማኢል ሳማታር እ.ኤ.አ. በ1992 የሉዊስን ፈለግ ተከታዮች አጥብቆ የነቀፈው፣ ሁሉን ነገር በጎሳ ሲተረጉሙ ሔርንና እስልምናን ዘነጉ ብሎ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ ከቶጎ ውጫሌ ወደ ጅግጅጋ ስመለስ የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና ግመል ገጨ። ሾፌሩ የወሎ ልጅ ነው። ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ «አሁን ጎሳህ ማን ነው ሊሉት ነው» ብዬ ፈራሁ። አንደኛው በአስተርጓሚ የጠየቁት ግን «ከአንተ ጋር ማን ይከፍላል?» ብለው ነበር። ባለ ጭነቱ ነጋዴና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ስማቸውን ሰጡ። ዋጋው ተነገረ፤ ተከራከሩበት፤ ቀነሰ፤ በደብተር ሰፍሮ ተፈረመ። ሳይመሽ መንገዳችንን ቀጠልን። የወሎው ልጅ በዚያ አገር ጎሳ የለውም፤ ውል ግን ገባ። ዕድር ያለው አንባቢ ነገሩ ሊገባው ይገባል።

እንግዲህ «የጎሳ ነገር ነው» የምትለው ዐረፍተ ነገር ማንን ትጠቅማለች? ክልሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ፕሬዚዳንቶች ተቀያየሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በ1986 ዓ.ም. ጎሳ ለጎሳ የተደራጁ ቡድኖች ሁርሶ ላይ ተጠራርተው አንድ ፓርቲ ተባሉ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ፓርቲ ተሠራ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማዕከሉ እጅ ነበረበት። ቶቢያስ ሀግማን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት የክልሉን ቀውስ በጎሳ ብቻ ወይም በቅኝ አገዛዝ ብቻ መተርጎም እንደማያዋጣ አሳይቷል። ውሉን የሚጠብቁት ሽማግሌዎችም በኋላ ደመወዝ ተቆርጦላቸው የአስተዳደሩ አማካሪ ተደረጉ። ከመንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ሽማግሌ መንግሥትንና ሕዝብን እንዴት አድርጎ ይዳኛል?

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ ሰው ሲሞትስ? የክልሉ አስተዳደርና የፌዴራሉ ኃይል የተፋጠጡበት የሥልጣን ጉዳይ ነበር። ያንንም ጎሳ ካልነው ተጠያቂ የሚባል ሰው አይኖርም። ጎሳ ፍርድ ቤት አይቀርብምና።

ጎሳ የለም አልልም። በውኃ ጉድጓድና በግጦሽ ሰው ይሞታል፤ ወንበርም በጎሳ ይቈጠራል። ነገር ግን ጎሳው መቼ እንደሚጣላና መቼ እንደሚስማማ ዘሩ አይነግረንም፤ ዘሩ ትናንትም ዛሬም አንድ ነው። የሚለወጠው ውሉ ነው።

ጅግጅጋን በ1909 ዓ.ም. ግድም ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፋፍለው የቀየሱት ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒሁ ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ያ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በበጎ ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ተብሎ ወጣ። ስጦታ ሰጪው ሲፈልግ ይነሣል። የገዥው የጅግጅጋ ጎረቤቶች በዛፍ ጥላ ሥር የሚዋዋሉት ሔር ግን ተከራክረው የተቀበሉት ነው። ማን ከማን ይማር ነበር?

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። እነዚያ በደብተር የሰፈሩ ውሎች ይሰብሰቡ፤ በሶማልኛና በአማርኛ ይታተሙ፤ የወረዳ በጀት ማን እንዳጸደቀውና ማን እንደበላው አብሮ ይጠና። ይህ እስኪሆን ድረስ «የጎሳ ነገር ነው» የሚለኝን ምሁር አልሰማውም። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ይዞ፣ ጥጡን የሚወቅስ ሰው ነው።