በትንሽ ከተማ መልካም የፈረንሳይ ገበታ ስለ ማግኘት

ለሥራ ወይም ልጁን ለመጠየቅ ወደ ፈረንሳይ አገር የሚሄድ ሰው፥ ከፓሪስ ወጥቶ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች በደረሰ ጊዜ፥ ከባቡር ወርዶ በፊቱ ካገኘው ምግብ ቤት ይገባና ብዙ ከፍሎ ሳይደሰት ይነሣል። ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነው፥ የአገሩን እውነተኛ ገበታ ሳይቀምስ «የፈረንሳይ ምግብ ስሙ ብቻ ነው» እያለ መመለሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቡርግ አን ብሬስን ከተማ ምሳሌ አድርገን ጥቂት ምክር ልንሰጥ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ይህች ከተማ ከሊዮን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ስትሆን፥ የታወቀችው በዶሮዋ ነው። የብሬስ ዶሮ ላባው ነጭ፥ ኩክኒው ቀይ፥ እግሩ ሰማያዊ ነው። ስሙም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ዶሮ ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር የሣር መስክ እንዲሰጠው ታዟል። እንግዲህ በምግቡ ዝርዝር ላይ «ዶሮ» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፥ የብሬስ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

ምግብ ቤት ፈላጊ አስቀድሞ በማለዳ ወደ ገበያ ይሂድ፤ ዶሮና ቅቤ የሚሸጡትንም ሰዎች፥ እነርሱ ራሳቸው ምሳ የሚበሉበትን ስፍራ ይጠይቅ። ቀጥሎ በደጅ የተለጠፈውን ዝርዝር ከነዋጋው ያንብብ። አርባ ዓይነት ወጥ በየቀኑ አዲስ አድርጎ የሚሠራ አንድ ወጥ ቤት የለምና፥ አጭሩን ዝርዝር ይምረጥ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ከጥሬው በዚያው ቤት ለተሠራ ምግብ የተለየ ምልክት አለ። እሑድ ማታና ሰኞ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ፥ አስቀድሞ ስፍራ መያዝ ይበጃል።

የቤቱ ትልቅነትም አያታልል። ከቡርግ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቮናስ መንደር፥ የብላን ቤተ ሰብ በ1872 ዓ.ም. አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። በዚያ ቤት ወጥ ትሠራ የነበረችውን ማዳም ኤሊዛን፥ ስለ ምግብ በመጻፍ የታወቀው ኩርኖንስኪ በ1933 ዓ.ም. ከዓለም ወጥ ሠሪዎች ሁሉ የምትበልጥ ብሎ አመሰገናት። የልጅ ልጅዋም ሙሴ ዦርዥ በ1981 ዓ.ም. ከሚሽለን መጽሐፍ ሦስት ኮከብ ተቀበለ። እንዲህ ያለው ክብር በመንደር ውስጥ፥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በተላለፈ ሙያ የተገኘ ነው። ስለዚህ መንገደኛው በትንሽ ከተማ ሲያድር፥ የቤቱን መስተዋት ከማየት አስቀድሞ በጓዳው ያለው ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቅ እናሳስባለን።