ከጡጦው በፊት ማን ይጠራ?

በግንቦትና በሰኔ በዙሪክ ዙሪያ በሚገኙ የሣር ማሳዎች ብቻዋን ተኝታ የምትታይ የሚዳቋ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ አልባ አይደለችም። እናቲቱ ደብቃት ለሰዓታት ትርቃለች፤ ለማጥባት ትመለሳለች። ግልገሏ ወላጅ አልባ የምትሆነው አላፊ አግዳሚው አዝኖላት ወደ ቤቱ ሲወስዳት ነው። በጡጦ ያደገ ወንድ ሚዳቋ ደግሞ ሲጎለምስ ሰውን እንደ ተቀናቃኙ ቆጥሮ በቀንዱ ይወጋል። ለጃርት ግልገል የሚሰጥ የላም ወተትም ተቅማጥ አስይዞ ሊገድለው ይችላል።

የስዊዘርላንድ ሕግ ጉዳዩን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል የአደን ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸውን እንስሳት ይዞ ለማቆየት የካንቶን ፈቃድ ይጠይቃል። ክልከላ ብቻውን ግን አያድንም፤ ቅጣትን የሚፈራ ሰው ጫጩቱን በካርቶን ደብቆ እንደ መሰለው ይመግባል። ቁም ነገሩ ስልኩን የሚያነሣ አካል መኖሩ ነው።

ጄኔቫ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕዝበ ውሳኔ አደንን በመከልከሏ የዱር እንስሳት ጉዳይ ደመወዝተኛ በሆኑ የካንቶኑ ጠባቂዎች እጅ ገባ፤ የተጎዱ ወፎችም ዣንቶ ውስጥ ወዳለው የማገገሚያ ማዕከል ይወሰዳሉ። ዙሪክ ከተማ የራሷ ጠባቂዎችና የጃርት ማዕከል አላት፤ ከከተማው ውጭ ግን የአደን ክልሎች ለአዳኞች ማኅበራት በኪራይ የተሰጡ ናቸው። አሠራሩ ቢለያይም በሁለቱም ዘንድ እንስሳውን ያገኘ ሰው የሚደውልለት አለ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ወላጅ አልባነቱ ራሱ ለገበያ ሲባል ይፈጠራልና። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍልና ከአጎራባች አካባቢዎች እየተሰበሰቡ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ይሻገራሉ። ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ የሆነው ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) አቦሸማኔን በጥብቅ ጥበቃ መዝገቡ ካሰፈረ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው ወይም አልፎታል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 ስምምነቱን ተቀላቅላለች። በአገር ውስጥ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ሆለታ አቅራቢያ ደግሞ የእንስሳ ኮቴ መጠለያ ማዕከል አለ። ከጅግጅጋ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ያላት ግልገል በመካከሉ የምትበላው ያገኛት ሰው ያለውን ነው፤ የፍየል ወተትም ይሁን ፍርፋሪ ሥጋ።

ስለዚህ በረቂቅ ደንብ ላይ የሚሠሩ የምክር ቤት ባለሙያዎች ሊያጤኑት የሚገባው ተጨማሪ ቅጣት አይደለም። ቅን ልቦና ያለው አግኚ በአጭር ጊዜ ውስጥ ካሳወቀ እንደማይጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ በምሥራቁ ክፍል የእንስሳት ሐኪምና ተስማሚ ወተት ያለው ጊዜያዊ መቀበያ ጣቢያ በጀት ይያዝለት። የጊዜው ገደብ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ቢቈጠር ይሻላል፤ ሰው በለመደች ግልገል ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ወደ ዱር የመመለሷን ዕድል ያጠባል።

አንድ ነገር ግን ከደንቡ ሊወጣ ይገባል፦ ግልገል ላስረከበ ሰው የሚከፈል ሽልማት። አሳቡ በጎ ይመስላል። ነገር ግን ለመጀመሪያዋ ግልገል የተከፈለ ብር ሁለተኛዋን ከእናቷ ጉያ የሚያስነጥቅ ዋጋ ይሆናል። የትራንስፖርት ወጪ በደረሰኝ መተካት ለብቻው የሚታይ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የሚከፍለው ተቀባዩ ጣቢያ ሳይሆን ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይመረጣል።