አዲስ አሰልጣኝ፣ የአምናው ዝናብ

ሰመራ ላይ የኳስ ወሬ የሚደምቀው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ነው። ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ማን ይጨቃጨቃል! ማታ ሲሆን ግን ሎግያ ሌላ ከተማ ትሆናለች። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ከነተሳቢያቸው ዳር ይይዛሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሰመራ በባጃጅ ይመጣሉ፣ የሰፈሩ ልጆች ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ይገባሉ። ጨዋታው የእንግሊዝም ይሁን የአገር ቤት፣ አንድ የማይቀር ክርክር አለ። አሰልጣኙ ይባረር ወይስ ይቆይ?

በቅርቡ አንድ ማታ እንዲሁ ሆነ። አንድ ሹፌር የሚደግፈው ክለብ አዲስ አሰልጣኝ ቀጥሮ ውጤት አልመጣ ብሎታል። ጠረጴዛውን መታና «አምስት ጨዋታ ሞላው እኮ! ምን እስኪሆን ነው የሚጠበቀው? ይሰናበት!» አለ። ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። አጠገቤ የተቀመጠው ግን ዝም አለ። ይህ ሰው ሎግያ ውስጥ የሰፈር ታዳጊዎችን ያለ ደሞዝ የሚያሰለጥን የአፋር ተወላጅ ነው። ሁሉም «ኮች» እያሉ ነው የሚጠሩት። ጫጫታው ሲበርድ እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ አዋሽ ዱብቲ ላይ ሲሞላ እዚህ የዘነበ ይመስልሃል እንዴ? ዝናቡ እኮ ደጋ ላይ ነው የዘነበው። እኛ ጋ የሚደርሰው ሰንብቶ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን አባባሉን ይዤ ወጣሁ። እውነት ነው፤ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ አዋሽ ከተማን ተሻግሮ ነው አፋር ዝቅተኛ ቦታ የሚደርሰው። ሰመራ ላይ ጠብታ ሳትወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ኳሳችንም እንደዚሁ ነው። የአዲስ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት፣ ቢያምርም ቢከፋም፣ ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም። አብዛኛው ከእሱ በፊት የዘነበ ነው። እኛ ግን የሚሞላውን ወይም የሚደርቀውን ውሃ ብቻ እያየን አንዱን እናነግሳለን፣ ሌላውን እንወግራለን።

እስቲ ሁላችንም ከምናውቀው እንነሳ። በ2024/25 የውድድር ዘመን አርኔ ስሎት ሊቨርፑልን በተረከበ በመጀመሪያ ዓመቱ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን የመጣለት አዲስ ፊት ፌዴሪኮ ኪዬዛ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ስሎት ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን ሳላህና ቫን ዳይክን ማን ሰራለት? የርገን ክሎፕ ዘጠኝ ዓመት ያህል የለፋበት ቤት ነው። ያው ክሎፕ ደግሞ በ2015 መጥቶ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን የጨረሰው 8ኛ ሆኖ ነው! የሊጉን ዋንጫ ያየው በ2020 ነው። ያን ጊዜ ሎግያ ላይ ብንጠየቅ ክሎፕን አምስተኛው ጨዋታ ላይ አባረነው ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። ፋሲል ከነማን በ2011 አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ይዞት ዋንጫውን ለጥቂት አጣ። ውበቱ ሄደ፣ ሥዩም ከበደ መጣ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 አፄዎቹ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። ዋንጫው የሥዩም ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ክለቡ አሰልጣኝ ሲቀይር ቡድኑን አላፈረሰም። ውበቱ የተወውን ሥዩም አልናደውም፤ በላዩ ላይ ሰራ። ደጋ የዘነበው ዝናብ ጎንደር ደረሰ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ዋንጫው ራቀው። ፈረሰኞቹ ምን አደረጉ? አሰልጣኝ ቀየሩ። ከፖርቱጋል ቫዝ ፒንቶ መጣ፣ ከእንግሊዝ ስቴዋርት ሆል መጣ፣ ሰርቢያዊም ተሞከረ። በ2013 ብቻ ጀርመናዊው ኧርነስት ሚደንዶርፕ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማሂር ዴቪድስና ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታል ተፈራረቁ። በ2014 መግቢያ ደግሞ ሌላ ሰርቢያዊ፣ ዝላትኮ ክራምፖቲች። አንዱ ሻንጣውን ሳይፈታ ሌላው ቪዛ ይጠይቃል! ዋንጫ ግን የለም።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰሞን እኔም ከሚጮኹት አንዱ ነበርኩ። «ትልቅ ስም ያለው የውጭ አሰልጣኝ ይምጣና ያስተካክለው» እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬአለሁ። ክራምፖቲች ተሰናብቶ ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ቡድኑን ሲረከብ «ይህ ደግሞ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብዬ ስቄ ነበር። ዘሪሁን በ2014 ዋንጫውን መለሰ። በ2015 ደገመው። ሳቄን ዋጥኩ። ሰውየው አስማት አልነበረውም። የቤቱን ልጆች ያውቃል፣ ማን በየትኛው ቦታ እንደሚሻል ያውቃል፣ የደጋፊውን ቋንቋ ያውቃል። ከሩቅ አገር ሲጠበቅ የነበረው መልስ እዚያው ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ታዲያ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ የበላ ስንት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ! በጣም ጥሩው ምሳሌም ገብረመድህን ኃይሌ ነው። በ2010 ገና ካደገው ጅማ አባ ጅፋር ጋር ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 እዚያም አዲስ አሰልጣኝ ሆኖ ዋንጫ አነሳ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ። እንግዲህ አዲስ አሰልጣኝ ተአምር ይሰራል ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ገብረመድህን ከሄደ በኋላ ጅማ ምን ሆነ? በ2014 የውድድር ዘመን ማብቂያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ሻምፒዮን ከሆነ በአራት ዓመቱ! ዋንጫ ያነሳው ክለብ ነው ወይስ አንድ ጥሩ አሰልጣኝና በአንድ ክረምት የተሰበሰቡ ተጫዋቾች? አሰልጣኙ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ውጤት፣ ክለቡ ምንም እንዳልተከለ ነው የሚያሳየው። መቀሌ 70 እንደርታን እዚህ ጋ አላነሳም። እነሱን ከሊጉ ያራቃቸው ኳስ ሳይሆን ጦርነት ነው፤ የተመለሱትም በ2017 ነው።

ይኸው ገብረመድህን ደግሞ በሌላ መንገድም አሳይቶናል። ኢትዮጵያ መድን ከታችኛው ሊግ ተመልሶ በ2015 ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ አሰልጣኙ እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ዋንጫ አልመጣም። በ2016ም አልመጣም፤ ያውም በዚያ ዓመት ሌላ ክለብ፣ ካደገ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በበጸሎት ልዑልሰገድ እየተመራ ሻምፒዮን ሲሆን መድን ቆሞ ማየት ነበረበት። ሌላ ክለብ ቢሆን «ንግድ ባንክ በአንድ ዓመት የቻለውን አንተ ለምን አቃተህ?» ብሎ ያሰናብተው ነበር። መድን አላደረገውም። ገብረመድህን በመካከሉ ዋልያዎቹን ሁሉ ይዞ ነበር፤ ክለቡ አልቸኮለም። በ2017 መድን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከሦስቱ ዋንጫዎቹ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ሁለቱን ያገኘው ሲመጣ ነው፤ ሦስተኛውን ያገኘው ሲቆይ ነው።

አንድ ነገር እንዳይዛባብኝ። አሰልጣኝ አይነካ እያልኩ አይደለም። ልምምድ የማያዘጋጅ፣ ከተጫዋች ጋር የሚደባደብ፣ ሲሸነፍ ዳኛን ብቻ የሚሰድብ አሰልጣኝ አምስት ጨዋታም ይበዛበታል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስናባርር ምን መዝነን ነው? ውጤት ብቻ ከሆነ የምንመዝነው የሌላ ሰው ዝናብ ነው። ክለቡ በክረምት ግማሹን ቡድን በትኖ፣ አሰልጣኙ ሳይጠየቅ ሌላ ግማሽ ቡድን አስፈርሞ፣ ልምምድ ዘግይቶ አስጀምሮ፣ ደሞዝ አዘግይቶ፣ ከዚያ በአምስተኛው ሳምንት «ቡድኑ አልተዋሃደም» ይላል። መቼ ይዋሃድ?

የእኛም የደጋፊዎች ጥፋት ቀላል አይደለም። ቦርዶች አሰልጣኝ የሚያባርሩት አንዳንዴ አምነውበት ሳይሆን የእኛን ጩኸት ለማብረድ ነው። አሰልጣኙ ሲሄድ ጩኸቱ ይበርዳል፤ ተጫዋቾቹን ማን እንዳስፈረመ፣ ታዳጊ ቡድኑ ለምን እንደተዘነጋ የሚጠይቅ አይኖርም። ስንብት ለቦርድ ርካሽ መልስ ነው። ጥያቄውን እኛ ካስወደድነው ግን መልሱም ይወደዳል።

ስለዚህ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ በመጀመሪያው ዓመት ከነጥብ ሰንጠረዡ ጎን ለጎን ሌላም እንጠይቅ። ቡድኑ በመጀመሪያው ወርና በስድስተኛው ወር መካከል ተለውጧል? ከታዳጊ ቡድን ስንት ልጅ አሳደገ? ተጫዋቾቹን የመረጠው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ከተሸነፈ በኋላ በሚቀጥለው ጨዋታ ያስተካከለው ነገር አለ? ሁለት ክረምት፣ ሁለት ዝግጅት ይሰጠው። ከዚያ ውሃው የእሱ ነው፤ ቢሞላም ቢደርቅም ይጠየቅበት።

ይህ ጉዳይ ለሰመራ ምኗ ነው የሚል ይኖራል። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና አዳማ አስተናግደዋል። እዚህ ያለው ደጋፊ ሊጉን የሚያውቀው በስክሪን ነው። የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ውስጥም የአፋር ስም የለም። ታዲያ አንድ ቀን ከዚህ ክልል ትልቅ ክለብ እንዲወጣ ከፈለግን፣ ከስክሪኑ የምንማረው ማባረርን ብቻ ከሆነ ምን ይዘን ነው የምንጀምረው?

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮችን ሜዳ ላይ አገኘሁት። ሜዳው ሣር የለውም፤ አቧራ ነው። ልጆቹ ግማሹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ኳሱን ለቅርብ ጓደኛ ማቀበል ብቻ ነበር የሚያሰራቸው፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ጎል እንኳ አልተተከለም። «ኮች፣ እነዚህ መቼ ነው የሚደርሱት?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝና «እኔ አላውቅም። የሚደርሱት ሌላ አሰልጣኝ ጋ ይሆናል» አለኝ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

ቸር እንሰንብት!